ጎልፍ የከለከለች ደሴት

ሳውዝ ካሮላይና፣ ሂልተን ሄድ ደሴት፣ ሲ ፓይንስ ሪዞርት በር ላይ መኪናዬን ለማስገባት ገንዘብ ከፈልሁ። ከቪላዎቹ መካከል ከባርነት ነፃ የወጡት የጉላ ጊቺ ጥቁሮች መካነ መቃብር አለ።

ድልድዩ በ1956 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ ሪዞርቱም ተከተለ። ጥቁሮቹ መሬቱን የያዙት እንደ ርስት፣ ያለ ኑዛዜ በወራሽነት ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ወራሽ ድርሻውን ለባዕድ ከሸጠ፣ ገዢው መሬቱ በሙሉ በጨረታ እንዲሸጥለት ፍርድ ቤት ይጠይቃል። (ለእኛ ለርስት ልጆች ይህ ጉድ ነው!) ዘመድ በቅድሚያ የመግዛት መብቱ በ2017 በጸና ሕግ ተጠናከረ፤ ብዙው መሬት ካለቀ በኋላ።

በዚያው ቦፎርት ካውንቲ የሴንት ሄሌና ደሴት ሰዎች ግን ቀድመው ነቁ። በ1999 በወጣው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ጎልፍ ሜዳ፣ ሪዞርትና በር የተዘጋበት ሰፈር ተከለከለ። በ2023 አንድ ባለሀብት ጎልፍ ሊያስገባ ቢሞክር ነዋሪው አዳራሹን ሞልቶ ተከራከረ፤ ምክር ቤቱም ደንቡን አጸና። ሰውየው ከሰሰ።