የጣና ነጭ ዓሣና የርብ ዳር ርጭት

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ መንገደኛ የርብን ድልድይ ተሻግሮ ይፋግ ይደርሳል። ከጉና ተራራ የሚነሣው ርብ ይህን ለጥ ያለ ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ፍጥረት አለ፤ ነጭ ዓሣ ይባላል።

አስጋሪዎች በአንድ ስም ይጥሩት እንጂ ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አልቻለም፤ የጣናዎቹ ለብቻቸው ተዋልደው በመልክም በአመጋገብም ተለያዩ። የሚመደቡት ከካርፕ ቤተሰብ ነው፤ ይህ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ያም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ጠፍቷል። ጣና የያዘው እንግዲህ ምትክ የሌለው ሀብት ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርካቶቹ የሚራቡት በወንዝ ውስጥ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕና ፈጣን ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ዓሣ ደፍርሶ በሚወርድ ጎርፍ ውስጥ ዓይኑ ብዙም አይረዳውም። ከሚተማመንባቸው የስሜት ሕዋሳት ዋነኛው አፍንጫው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ አንድ ነገር አስተዋለ፤ የካርፕ ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ቆዳው ሲጎዳ ከቁስሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር መንጋውን ሁሉ በድንጋጤ ይበትነዋል። አዳኝ መጣ የሚለውን ወሬ ከቆሰለው ወደ ጤነኞቹ የሚያደርሰው ሽታ ነው ማለት ነው። የጣና ነጭ ዓሣም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ አሳዳጆቹም እዚያው አጠገቡ የሚኖሩ የገዛ ዘመዶቹ ናቸው።

አሁን በወንዙ ዳር ማሳ ላይ ወደሚካሄደው የተባይ መድኃኒት ርጭት እንምጣ። ገበሬው ማላታይን የሚለው መድኃኒት፣ ክሎርፓይሪፎስና ዳያዚኖን አንድ ወገን ናቸው። ነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ ያንን መልእክት የሚያጠፋ ኤንዛይም አለ። መድኃኒቶቹ ኤንዛይሙን ያስሩታል፤ ነርቩ ማረፊያ ያጣል፣ ተባዩም ተንቀጥቅጦ ይሞታል። ይኸው ኤንዛይም በዓሣም፣ በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ።

መጠኑ ሲያንስ ዓሣው አይሞትም፤ ከባዱ ነገር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቺኑክ የተባለውን ሳልሞን በሊትር 1 ማይክሮግራም ዳያዚኖን ባለበት ውኃ ውስጥ አቆይቶ ፈተነው። ይህ መጠን በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ግራም መጨመር ነው። ዋናቸው እንደ ጤነኛ ዓሣ ዋና ነበር። የአደጋው ሽታ ሲለቀቅ ግን ጤነኞቹ ጸጥ ሲሉ እነዚህ መዋኘታቸውንና መመገባቸውን ቀጠሉ። መጠኑ 10 ማይክሮግራም ሲደርስ ደግሞ ለመራባት የሚመለሱት ቁጥር ቀነሰ።

ከባሕር ዓሣም የተገኘው ውጤት ተመሳሳይ ነው። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሞሬያ ደሴት፣ ከጥልቁ ባሕር ወደ ኮራል ድንጋይ የሚመጡ ግልገል ዓሦች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ምርምር ክሎርፓይሪፎስ የታይሮይድ ሆርሞናቸውን አውኮ የስሜት ሕዋሳታቸው በወጉ እንዳያድጉ እንደሚያደርግ አሳይቷል። እነዚህ ግልገሎች በአዳኝ የመበላታቸው ዕድል ከፍ ብሏል። ሳልሞንም የኮራል ዓሣም ከነጭ ዓሣ የራቁ ናቸው፤ መድኃኒቱ የሚያስረው ኤንዛይም ግን በሁሉም ውስጥ ያው ነው።

ወደ ርብ ዳር ስንመለስ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ክረምቱ የሩዝ፣ በጋው የሽንኩርትና የቲማቲም ነው። ሽንኩርቱ በትሪፕስ፣ ቲማቲሙ በትል ስለሚጠቃ ርጭቱ ይደጋገማል። ገበሬው በሞተር ፓምፕ ከሚያጠጣበት ወንዝ በጀሪካን ይቀዳል፤ መድኃኒቱን በክዳን ለክቶ የጀርባ መርጫው ውስጥ ይጨምራል፤ ረጭቶ ሲጨርስ እዚያው ወንዝ ዳር ያለቀልቀዋል፤ ባዶው ዕቃ ቁጥቋጦ ሥር ይቀራል። በጋውን ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የቆየውን ቅሪት የሰኔ ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ወንዙ አፍ ያወርደዋል። ነጭ ዓሣ ለመውጣት ተሰብስቦ የሚጠብቀውም በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ነው።

የጣና አካባቢ ሰው የዓሣን መመረዝ አሳምሮ ያውቃል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲጨመር በውስጡ ያለው ሮቴኖን ዓሣውን አየር አሳጥቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሁሉም ያየዋል፣ የሚቆጣም አይጠፋም። የርጭቱ ጉዳት ግን ሬሳ ስለማያንሳፍፍ የሚቆጣለት አላገኘም። እኔን ከብርብራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው።

በነጭ ዓሣ ላይ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው መረብ መሆኑ አይካድም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወንዝ ወጥተው ከሚራቡት ዝርያዎች የአዋቂዎቹ ቁጥር 75 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ዋናው ምክንያት ነበር። ነገር ግን ከመረብ ያመለጠው ጥቂት ዓሣ ጠጠሩን የሚያገኝበትና አዳኙን የሚሸሽበት አፍንጫ ያስፈልገዋል።

አዋጅ ቁጥር 674/2002 የጸረ ተባይ ምዝገባንና ቁጥጥርን ይደነግጋል፤ አዋጁ ግን መርጫው የት እንደሚታጠብ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በርብና በጉማራ ዳር ለምታርሱ ወገኖች፣ ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችም ልመናዬ ይህ ነው፦ መድኃኒቱን ከወንዙ ራቅ ብላችሁ በጥብጡ፤ የመርጫውን እጣቢ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ እዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ጨርሱት፤ ዝናብ ባንዣበበበት ቀን አትርጩ፤ በወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሣር ሳይታረስና ሳይረጭ ተዉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጥንቃቄውን እጥፍ አድርጉት።