አገር ስጠኝ፦ እንቆቅልሽና ጥያቄ በቴሌግራም

አዲስ አበባ ላይ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ሪያድም 3 ሰዓት ነው። ዱባይ 4 ሰዓት ሆኗል። ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 7። አብረው ተምረው በየአገሩ የተበተኑ፣ ዛሬ በቴሌግራም ጥያቄና እንቆቅልሽ የሚለዋወጡ ጓደኛሞች ከጨዋታው ሕግ በፊት የሚስማሙት በዚህ ላይ ነው። «3 ሰዓት እንገናኝ» ብቻ ከተባለ አንዱ ማታ ይመጣል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። ስለዚህ «የአዲስ አበባ ማታ 3» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተረኛው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይልካል።

ይህ ጨዋታ ስልክ ከመምጣቱ በፊት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። እንቆቅልሹ ይነገራል። መላሹ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው እጁን ይሰጣል። መልሱ ግን በነጻ አይነገረውም። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ጎጃምን፣ ሸዋን ወይም ወሎን ይሰጣል፤ ያልተስማማው ጠያቂ «አልፈልግም፣ ሌላ» ማለት ይችላል። አገሩን ከተረከበ በኋላ እዚያ ገብቶ እንደ ሹም ይንጎማለላል፤ ጮማውንና ጠጁን ለራሱ፣ አጥንቱንና አተላውን ለተሸናፊው እያደለ ሙልጭ አድርጎ ይሰድበዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መልሱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የጨዋታው ልብ ያለው እዚህ አገር መስጠቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አለማወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋው በሰው ፊት ይከፈላል፣ ተከፍሎም ያልቃል። የተሰደበው ልጅ ወዲያው ጠያቂ ይሆናል። በስልክ ላይ የሚደረገው ጨዋታም የሚያምረው ይህን ሲይዝ፣ የሚደርቀው ይህን ሲጥል ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው። ቴሌግራም በቡድን ውስጥ ድምፅ ማሰባሰቢያ ያስገባው በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነበር። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጥያቄና መልስ የሚሆነውን ዓይነት ጨመረበት። ጠያቂው ጥያቄውን ይጽፋል፣ አማራጮቹን ይደረድራል፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ምልክት ያደርጋል። መላሹ አንዱን ከነካ በኋላ መመለሻ የለውም። ካገኘው ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ይበተንለታል፤ ከሳተ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ጠያቂው አጭር ማብራሪያም ማያያዝ ይችላል። ብዙ ጥያቄዎችን አከታትሎ የሚልክ፣ ሰዓት የሚቆጥርና በመጨረሻ ደረጃ የሚያወጣ ቦት በዚያው ጊዜ መጥቷል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ጽሑፍ መሸፈኛ ብዙም አልተወራለትም፤ ለእንቆቅልሽ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መልሱ ከጥያቄው ሥር ተጽፎ ይሸፈናል፤ ማየት የፈለገ ብቻ ነክቶ ይገልጠዋል። ዘግይቶ የገባ ሰው ሳይበላሽበት ራሱን ይፈትናል።

በአማርኛ የሚጫወት ሰው ግን የፊደሉ ፈተና ይገጥመዋል። መልሱ በአማራጭ መሆኑ ቀርቶ ተጽፎ ይምጣ ቢባል፣ የሚያርመውም ቦት ቢሆን፣ «ፀሐይ» የምትለው ቃል ብቻዋን ታስቸግረዋለች። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። ለሰው ጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ስለያዘ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ትክክል የመለሰ ሰው «ተሳስተሃል» ይባላል ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ቦቱን የሚሠራው ሰው ከማወዳደሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እንዲመልስ ያዝዘዋል። ያ ያልተደረገለት ቡድን በአማራጭ ቢጫወት ይሻለዋል፤ አለዚያም እንደ ድሮው ዳኛው ሰው ይሁን። ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ፣ ፊደል ግን ያልቆጠሩ ልጆች ባሉበት ቡድን ደግሞ ጥያቄውን በድምፅ መላክ ተገቢ ነው። እንቆቅልሽ ድሮም የጆሮ ነበር።

መሣሪያው ጥያቄ አይፈጥርም። አብዛኛው ሰው ጥያቄ የሚያከብደው ሰው የማያውቀውን ነገር በመፈለግ ነው፤ እዚያ ላይ ጨዋታው ይሞታል። የአንድን ተራራ ከፍታ በሜትር መጠየቅ ማንንም አያስደስትም። በዚያ ላይ ያጣላል፦ ለራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ብለው ያስተማሩ መጻሕፍት ነበሩ፣ ኋላ የወጡት ግን ወደ 4,550 ያወርዱታል፤ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። «ኢትዮጵያን ስንት አገሮች ያዋስኗታል?» የሚለውም ጊዜ የሚያስረጀው ጥያቄ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ነጻ እስክትወጣ መልሱ 5 ነበር፣ ዛሬ 6 ነው። የክልሎቹ ቁጥርም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ9 ወደ 12 አድጓል። የዓድዋን ዓመት የጠየቀ ደግሞ ዘመኑን ካልገለጸ 1888 ያለውም 1896 ያለውም አሸናፊ ነው፤ እንዲህ ያለ ክርክር ቡድኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነታርክ አይቻለሁ።

ጥሩ ጥያቄ መልሱ ሲነገር «ወይኔ!» የሚያሰኝ ነው። መላሹ ክፍልፋዮቹን ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ ያላደረገው ማገናኘቱን ነው። ይህን እዩልኝ፦ «አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በአጠገቡ ያለፈው፣ እንደ እሱ ከኢትዮጵያ የሄደ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ግን እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የቆየ ማን ነው?» ሰው ሁሉ የሯጭ ስም ያስሳል። መልሱ የአክሱም ሐውልት ነው። ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ወስደው ሮም አቁመውት ነበር፤ የማራቶኑ መንገድም በዚያ ያልፍ ነበር። አበበን ሁሉም ያውቃል፣ ሐውልቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሁለቱን በአንድ ምሽት አንድ መንገድ ላይ ያገናኘ ግን ጥቂት ነው። ስለ አበበ መጠየቅ ለሚወድ ቶኪዮም አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሮጦ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጫማውን ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች ይህን ሁሉ ሀብት ትተው ያልፋሉ።

ጥያቄ ከቡድን ወደ ቡድን ሲተላለፍ ስሕተቱም አብሮ ይጓዛል። የዚህ ዝነኛ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል ሰው የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ የሚቀዱበትን ሊያጋልጥ አንድ የሐሰት መረጃ ሆን ብሎ ሰነቀረ፦ በቴሌቪዥን የሚታየው መርማሪ ኮሎምቦ የመጀመሪያ ስሙ ፊሊፕ ነው አለ። በሞንትሪያል ሁለት ካናዳውያን በ1979 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት፣ ኋላ ዓለምን ያዳረሰው ትሪቪያል ፐርሱት የተባለ ጨዋታ ካርድ ላይ ያው ፊሊፕ ብቅ አለ። ዎርዝ 300 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን መረጃ የማንም ንብረት አይደለም ብሎ አሰናበተው። እኛ ዘንድ መክሰስም አያስፈልግም፤ ከአንድ ቻናል የተቀዳውን ጥያቄ ለጓደኛ ከመላክ በፊት መልሱን ሌላ ቦታ ማየት ይበቃል።

ስለ ማጭበርበርም ይጠየቃል፦ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ሆኖ መልሱን ቢፈልግስ? ችግሩ የኢንተርኔት ልጅ አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን በሠርጉ ለ30 ጓደኞቹ እንቆቅልሽ ሰጠ፤ በሰባቱ የግብዣ ቀን ከፈቱ 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልውጥ ልብስ ሊከፍላቸው፣ ካልፈቱ እነሱ ሊከፍሉት። አልሆን ሲላቸው ሙሽራዪቱን አስፈራርተው መልሱን ከእሷ አወጡ፤ ነገሩም በደም አለቀ። ዛሬ አጭር ሰዓት መስጠት ይረዳል። ከዚያ የሚበልጠው ግን መልሱን ፈልጎ ማግኘት የማይቻል ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ እንቆቅልሽ የተሰጠው ለዚህ ነው።

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የሚለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጤዛ ናት። ይህን ለመፍታት ግን በማለዳ ሣር ላይ የሄደ እግር ያስፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ቢያቅተው አይፈረድበትም። ስለዚህ አዲስ እንቆቅልሽ መፍጠር አለብን፤ በዚህ ላይ የማየው ስንፍና ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሲሞከር በጣም ያምራል። እኔ ባለሁበት ቡድን ከተፈጠሩት ሁለቱ እነሆ። «ሲርበው ይጮኻል፣ ግድግዳ ጠብቶ ይጠግባል»፤ ስልክ። «ስትሄድም ሰፈሩ ይጮኻል፣ ስትመጣም ሰፈሩ ይጮኻል»፤ መብራት። ሁለተኛዋን አዲስ አበባ ያለው ሰው ሁሉ ወዲያው ፈታት፤ ዱባይ ያሉት ቆዩ።

ያልፈቱት ደግሞ አገር ይሰጣሉ። ይህን ሥርዓት ወደ ስልኩ መመለስ የሚጠይቀው የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። ተሸናፊው አገሩን ይጽፋል፣ ጠያቂው ማይክሮፎኑን ተጭኖ ይገባበታል። አገሮቹም ሰፍተዋል፦ ጎንደርና ወሎ እንዳሉ ሆነው ቦሌና ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ይሰጣሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ክትፎውን ለራሱ፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱን ለጓደኛው ያደለ ሰው ድምፁ በሦስት አገር ይሰማል፤ የተሰደበው ስቆ ሲጨርስ «እንቆቅልህ» ብሎ ይጽፋል፣ ተራው የእሱ ነውና።