«አይረባም» ያልነው ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2013 ክረምት በቤታችሁ የአርሰናል ደጋፊ ከነበረ፣ ጌዲዮን ዘላለም የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና 16 ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ከተማ ተወለደ፤ ኳስን በሄርታ በርሊን የልጆች ቡድን ጀመረ፤ በ9 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሜሪላንድ አደገ። አርሰናል ያገኘው በአሜሪካ ሳለ ነው። በዚያ ክረምት ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ እስያ ሲጓዝ ይህ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ተሰልፎ ታየ።

በእኛ ቤት የነበረውን ደስታ አትጠይቁኝ! ባለቤቴ ከአርሴን ቬንገር ዘመን ጀምሮ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ልጃችን ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ቆመው የሚያወሩ ወጣቶች «የእኛ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከኮቨንትሪ ሲቲ ጋር በተደረገው የኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ ባለቤቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ። ለዋልያዎቹ ይጫወታል ብለው ተስፋ ያደረጉ ሰዎች፣ በ2015 ከ20 ዓመት በታች ለሆነው የአሜሪካ ቡድን ሲሰለፍ ቅር አላቸው። አርሰናል በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ፣ በኋላም ወደ ሆላንድ ላከው። በ2017 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለአሜሪካ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ከአርሰናል ጋር ተለያየ፤ በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ።

ያን ሰሞን በዙሪያዬ የሰማሁት ወሬ ሦስት ዓይነት ነበር። አንዳንዶች አዝነው «በሄደበት ይቅናው» አሉ። ሌሎች ክለቡን ወቀሱ፤ ልጁን በትዕግሥት አላሳደጉትም አሉ። ሌሎቹ ግን ሳቁበት። ከሳቁት መካከል አንዱ ባለቤቴ ነበር።

እራት እየበላን ነው። «እኔ ድሮም ብያለሁ፤ አይረባም! ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ቦታ ይዞ ተቀመጠ» አለ። እኔም ፈገግ ብዬ ወጡን ጨመርኩ። ልጃችን የጎረሰውን እንደ ምንም ውጦ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ገባ። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር።

አሞት ይሆናል ብዬ ተከተልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ብዙ ከለመንኩት በኋላ ነው የተናገረው። ይጫወትበት ከነበረው የሰፈር ቡድን አሠልጣኙ ከቀነሰው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ ጫማውን በቦርሳ ይዞ ይወጣል፤ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ጓደኛው ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ይመለሳል። እኔም ሲመለስ «ደከመህ የኔ ጌታ?» እያልኩ ውኃ እሰጠው ነበር።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«አባዬ ምን እንደሚል አውቃለሁ» አለኝ። «አሁን ለጌዲዮን ሲለው ሰማሁ።»

ሌሊቱን ለባለቤቴ ነገርኩት። በመጀመሪያ «እኔ እኮ ስለ ኳስ ነው ያወራሁት» አለ።

«እሱ ግን የሰማው ስለ ሰው ነው» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። እኔም ልወቅሰው አልቻልኩም፤ ሲናገር ፈገግ ያልኩት እኔው ነኝና። ጠዋት ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለው፦ «ማታ የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ጉልበቱ መጎዳቱን እያወቅሁ ነው የሳቅሁበት። ይቅር በለኝ። ቅዳሜ ሜዳ አብረን እንሂድ፤ እኔ በረኛ እሆናለሁ።» በረኛነቱ አይወራም! ልጁ ግን ከሳምንታት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውድ ወላጆች፣ በእንግሊዝ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለቦች ውላቸውን የሚያድሱላቸውንና የሚያሰናብቷቸውን ተጫዋቾች ስም ዝርዝር ያወጣሉ። በዝርዝሩ ላይ በየዓመቱ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ሕልም ያልነበራቸው ናቸው። ለክለቡ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሰለፉት 11 ብቻ ናቸውና። ይህን ማድረጉም ስሕተት ላይሆን ይችላል። ክለቡ ተጫዋቹን ይቀንሳል እንጂ ሰውየውን መናቅ ግን የእኛ የደጋፊዎቹ ምርጫ ነው።

ለማጽናናት ብለን ደግሞ «ሃሪ ኬንም ተባሮ ነበር» እንላለን። እውነት ነው፤ አርሰናል በልጅነቱ ካሰናበተው በኋላ በቶተንሃም 280 ጎሎች አስቆጠረ፤ በ2023 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከተሰናበቱት ልጆች ብዙዎቹ ኬን አይሆኑም። ለልጃችን የኬንን ታሪክ ብቻ ስንነግረው «ኋላ ካሸነፍክ ነው የምናከብርህ» ማለታችን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ጌዲዮን ከአርሰናል በኋላ በካንሳስ ሲቲ፣ ከዚያም በኒውዮርክ ሲቲ ተጫውቷል። ዓለም የጠበቀውን ያህል ኮከብ ባይሆንም፣ ከዚያ ከባድ ጉዳት ተነሥቶ ሥራውን የቀጠለ ሰው ነው። ይህ አያስከብርም?

ስለዚህ ከራሳችን ቤት ስሕተት የተማርነውን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ በቴሌቪዥን ፊት ስለ ሰው ልጅ ስንናገር ልጆቻችን እየሰሙ መሆኑን አንርሳ። ስለ ወደቀ ሰው የምንለው ሁሉ፣ እነርሱ ሲወድቁ ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ከቡድን ሲቀነስ ወይም በፈተና ሲወድቅ ወዲያው ምክር አትስጡ፤ መጀመሪያ አብራችሁ ተቀመጡ። ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት በዚህ ጉዳይ አትወቃቀሱ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው በልጁ ፊት ሳይሆን ለብቻ ይንገረው፤ የተሳሳተውም ይቅርታ ለመጠየቅ አይፈር።

ዛሬ ልጃችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ኳስ ተጫዋች አልሆነም። ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ወደቀ። ወሬውን እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያ የደወለው ለአባቱ ነበር።