ከማዘዣ ወረቀት እስከ ሕግ

በትንሽ ከተማ ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው፣ መድኃኒት ማዘዝና መድኃኒት መውሰድ የተለያዩ መሆናቸውን ቶሎ ይማራል። የታካሚ ደም ግፊት አልወርድ ሲል መጠኑን ከመጨመሬ በፊት «እማማ፣ መድኃኒቱን ገዝተውታል?» እላለሁ። «የአቅሜን ያህል ገዛሁ፣ ልጄ» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ይህን ችግር ደግሞ የቱንም ያህል ጥሩ ምርመራ አይፈታውም። ስለዚህ ሐኪም ወደ ፖለቲካ ሲገባ አይደንቀኝም፤ የማየው ከገባ በኋላ በሽተኞቹን ማስታወሱን ነው።

ለዚህ አርጀንቲናዊው ዶክተር አርቱሮ ኢሊያ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኮርዶባ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ክሩስ ዴል ኤሄ የባቡር ሐኪም ሆነው ሄዱ። በዓመቱ ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ከተማዋን ግን አልለቀቁም። በእግርም በፈረስም እየዞሩ አከሙ፤ ለድሃው መድኃኒት ከኪሳቸው ገዙ። የኖሩበትን ቤት የሰጣቸው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

በ1936 የክፍለ ሀገሩ ሴናተር ሆኑ። እዚያም ግድቦች እንዲሠሩ ተሟገቱ፤ አንዱ የክሩስ ዴል ኤሄ ግድብ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሐኪም ከግድብ ምን አለው?» ይሉ ይሆናል። ውኃ በሌለበት ከተማ እጅ ታጠቡ ብሎ የመከረ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። ከ1940 እስከ 1943 የክፍለ ሀገሩ ምክትል አስተዳዳሪ ነበሩ። ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ ከወንበሩ ወርደው ወደ በሽተኞቻቸው ተመለሱ። እንዲህ መመለስ መቻል ቀላል አይደለም፤ ሥልጣን የለመደ ሰው ተረኛ በሽተኛ መጥራት ይከብደዋል።

በ1963 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በማግስቱ ዓመት፣ ሐኪም ከነበሩት የጤና ሚኒስትራቸው ከአርቱሮ ኦንያቲቪያ ጋር የመድኃኒት ሕግ አወጡ። መድኃኒት እንደማንኛውም ሸቀጥ እንዳይታይ፣ ዋጋውም በ1963 መጨረሻ ላይ በነበረበት እንዲቆም፣ አምራቾችም የምርት ወጪያቸውን እንዲያሳውቁ ደነገጉ። ትልልቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ተቃወሟቸው። ጋዜጦችም ዘገምተኛ ናቸው እያሉ በኤሊ መስለው ይሥሏቸው ነበር።

ድክመት አልነበራቸውም አልልም። የተመረጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት የፔሮን ትልቅ ፓርቲ በታገደበት ምርጫ፣ ከድምፁ ሩብ ያህሉን አግኝተው ነው። ሰኔ 1966 ወታደሮች ከቤተ መንግሥት ሲያስወጧቸው የሚከላከልላቸው ብዙ ሰው አልነበረም። የመድኃኒት ሕጉም ተሻረ።

ከዚህ ሕይወት የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ከኪስ የሚሰጥ መድኃኒት የሚያድነው ደጃችን የደረሰውን ብቻ ነው፤ ሕግ ግን አይተነው የማናውቀውን ሰው ያድናል። ያም ሕግ ቢሆን፣ የሚጠቀምበት ሕዝብ ጥቅሙን አውቆ ካልቆመለት አይዘልቅም። የሐኪሙ ደግነት ብቻውን አይጠብቀውም።

ለምክር ቤት የምትወዳደሩ የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፣ ታካሚው የትኛውን መድኃኒት ሳይገዛ እንደሚቀር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በጀት በሚጸድቅበት ቀን ይህንኑ አንሡ፤ ለመረጧችሁም በሚገባቸው ቋንቋ አስረዱ።