ቦታቸውን የለቀቁ ቃላት፦ «ሐራም»፣ «ሱና»፣ «ሰደቃ»፣ «ኢንሻአላህ» እና «ፈትዋ» በዐማርኛ ንግግራችን

ስለ ሙስሊሞች በዐማርኛ በተጻፈው ውስጥ አንባቢን የሚያስቀይም ቃል ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው የ«እስላም» እና የ«ሙስሊም» መደባለቅ ነው። ኢስላም የሃይማኖቱ፣ ሙስሊም የተከታዩ ስም ሆኖ ሳለ፣ «እርሱ እስላም ነው»፣ «እስላሞቹ መጡ» ማለት በቋንቋው ውስጥ ሥር ሰድዶ ቆይቷል። ስሕተትነቱ አያከራክርም። ሆኖም ብዙዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን ራሳቸው «እኛ እስላሞች» እያሉ ኖረዋልና፣ ቃሉን የተናገረ ሁሉ ሊያንቋሽሸን ፈልጎ ነው ብለን መፍረድ አይገባንም። «ዑለማዎች» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ዑለማ» ራሱ የ«ዓሊም» ብዙ ቁጥር ስለ ሆነ «‑ዎች» ሲጨመርበት ብዙው ዳግመኛ ይበዛል፤ ግን ዐማርኛ ከግእዝ የወሰደውንም «መምህራን» «መምህራኖች» እያለ ያበዛዋል። ጆሮን ይቆረቁር ይሆናል እንጂ በዚህ ምክንያት የማንም ሰው ዒባዳ አልተበላሸም።

በአንጻሩ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው ሐረግ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ባለአገሩን እንግዳ ያደርገዋል። በንጉሡ ዘመን ይህ አጠራር በሙስሊሙ ዘንድ የፈጠረው ቅሬታ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ታላቅ ሰልፍ ከተጠየቀው የዜግነት እኩልነት ጋር የተቆራኘ ነበር። «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ለመባል የተደረገው ትግል የቃላት ጨዋታ አልነበረም፤ የሚለወጠው የሰዎች ማንነትና መብት ነበርና።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው መለኪያ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል ከቦታው ሲለቅ የሚለውጠው ነገር አለን? ሌሎች ስለ እኛ ሲናገሩ የሚሳሳቱትን ማረም ቀላል ነው። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ግን እኛው በቤታችን፣ በመድረሳችንና በሚንበራችን ላይ የምንሳሳትባቸው ናቸው፤ አብዛኛዎቹም ሑክምን እስከ መለወጥ ይደርሳሉ።

ከ«ሐራም» እንጀምር። ሕፃን በግራ እጁ ሲጎርስ «ሐራም ነው!» ይባላል። ዳቦ ሲጥል፣ በታላላቆች ፊት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ማታ ሲያፏጭም እንዲሁ። ያው ሕፃን አድጎ ወለድና ስርቆት ሐራም መሆናቸውን ሲሰማ፣ በጆሮው ውስጥ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። የፊቅህ ሰዎች የሰውን ሥራ ዋጂብ፣ መንዱብ፣ ሙባሕ፣ መክሩህ እና ሐራም ብለው በአምስት የከፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዕለት ንግግራችን ግን መካከለኛዎቹ ሦስቱ ከሞላ ጎደል ጠፍተው ሁለቱ ጫፎች ብቻ ቀርተዋል። በሱረቱ አን‑ነሕል 116ኛው አንቀጽ፣ ምላስ እንዳመጣለት ይህ ሐላል ነው፣ ይህ ሐራም ነው ማለት በአላህ ላይ ከመዋሸት ጋር ተያይዞ መጠቀሱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የቀደሙት ኢማሞች በዚህ ቃል ላይ ያሳዩት ቁጥብነት ራሱ በኋላ ለሌላ አለመግባባት መንገድ ከፍቷል። ኢብኑል ቀይዪም (በሒጅራ 751 የሞቱት) «ኢዕላሙል ሙወቂዒን» በተሰኘው ሥራቸው እንዳስረዱት፣ ኢማሞቹ ሐራም የሚለውን ቃል ከአፋቸው ላለማውጣት «እጠላዋለሁ» እያሉ ይመልሱ ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተከታዮች ግን ቃሉ በእነርሱ ዘመን በያዘው ትርጉም አንብበው፣ ሐራም የተባለውን ቀላል መክሩህ አደረጉት። እነዚያ ቃሉን በመቆጠብ፣ እኛ ደግሞ በማብዛት ወደ አንድ ዓይነት ግራ መጋባት ደርሰናል።

ዐማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ ቋንቋ አይደለም። «እርም» ራሱ ከ«ሐራም» ጋር ከአንድ የሴም ሥር የመጣ ቃል ነው። ለማኅበራዊ ጥፋት «ነውር» አለን፤ ለቀለለው «ደስ አይልም» ወይም «አይገባም» አለን። እናት ለልጇ «ነውር ነው» ብትለው ልጁ ሥርዓትን ሳያጣ ሸሪዓውም ከቤት ልማድ ተለይቶ ይኖራል።

ወደ «ሱና» ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ይህ ቃል እንደየ ዕውቀት ዘርፉ የተለያየ ትርጉም አለው። ለሐዲሥ ሊቃውንት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈው ንግግር፣ ተግባርና ማጽደቅ ነው። ለፉቀሃእ ቢሠሩት ምንዳ ያለው፣ ቢተዉት ቅጣት የሌለበት ሥራ ነው። በዐቂዳ ንግግር ደግሞ የቢድዓ ተቃራኒ ሆኖ ይመጣል። ደረሳው ሦስቱን ሳይለይ ካደገ፣ በሁለተኛው ትርጉም የሰማውን በአንደኛው ላይ ይጭነዋል፤ ሐዲሡ ሁሉ «ብንተወው ምንም የማይል» ይመስለዋል። «ሱና ነው እኮ» የሚለው አነጋገር «ተወው» የሚለው ትርጉም የያዘው በዚህ መንገድ ነው። አሽ‑ሻጢቢ (በሒጅራ 790 የሞቱት) በ«አል‑ሙዋፈቃት» ውስጥ ያነሡት ነጥብ ለአስተማሪ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ በተናጠል መንዱብ የሆነ ሥራ በጥቅሉ ሲታይ ዋጂብ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው አንድ ቀን አዛን ባይል አይወቀስም፤ የአንድ ከተማ ሰው በሙሉ አዛንን እርግፍ አድርጎ ሲተው ግን ጉዳዩ «ሱና ነው እኮ» በሚል አይታለፍም።

ከዚህ የባሰው ግን ቃሉ በሴት ልጅ ግርዛት ላይ መለጠፉ ነው። በሶማሌና በሌሎች አንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች «ፈርዖናዊ» ከሚባለው፣ መስፋትን ከሚጨምረው ከባዱ ዓይነት ለመለየት ሌላው «ሱና» ተብሎ ይጠራል። በዚህ ስም የሚፈጸመውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስሙ ክርክሩን አስቀድሞ ዘግቶታል፤ «ሱና» የተባለን ነገር የትኛው አባት፣ የትኛዋ እናት ይቃወማል? መምህሩ ግን ስያሜው ከኪታብ እንዳልመጣ ማስረዳት ይችላል። የሻፊዒይ መዝሀብ ታዋቂ ኪታቦች ስለ ጉዳዩ የተናገሩት በ«ሱና» ቃል ሳይሆን በ«ዋጂብ» ነው፤ በሐነፊይ ኪታቦች «መክሩማ» የሚለው ይገኛል። ይህን ልዩነት መደበቅ አያስፈልግም። የልዩነቱ መኖር ራሱ፣ ጉዳዩ በአንድ ስም የተቋጨ አለመሆኑን ያሳያል። በማስረጃነት ከሚጠቀሱት ሐዲሦች አንዱን፣ የኡሙ ዐጢያን ዘገባ፣ አቡ ዳውድ ራሳቸው ካስተላለፉት በኋላ ደካማ ነው ብለውታል። ለወንዶች ሱና ለሴቶች መክሩማ ነው የሚለውንም አል‑በይሀቂይ ደካማ አድርገውታል። በኅዳር 2006 (እ.ኤ.አ.) በካይሮ በአል‑አዝሃር የተሰበሰቡ ዓሊሞች ድርጊቱ በሴቲቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑን ገልጸው እንዲቆም ጠይቀዋል። በአገራችንም ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ያስቀጣበታል። እኛ እንደምናየው፣ ጉዳትን የሚከለክለው የሸሪዓ መርሕ እያለና የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ዘንድ እየታወቀ፣ ኢማሙ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህን ድርጊት «ሱና» ብሎ አለመጥራት፣ ሌላው ሲጠራውም በዝምታ አለማለፍ ነው።

«ዋጂብ» የሚለውም በመዝሀቦች መካከል የሚጠልፍ ቃል ነው። ሻፊዒዮች ከሐጅ ምዕራፍ በቀር «ፈርድ» እና «ዋጂብ» የሚሉትን በአንድ ትርጉም ይጠቀሙባቸዋል፤ ሐነፊዮች ግን ፈርድን በማያጠራጥር ማስረጃ ለጸናው፣ ዋጂብን ከዚያ በታች ላለው ይለያሉ። ስለዚህ በሐነፊይ ትምህርት ያደገ ኢማም አድማጮቹ በአብዛኛው ሻፊዒይ በሆኑበት መስጊድ «ዊትር ዋጂብ ነው» ሲል፣ እነርሱ ስድስተኛ ፈርድ ሶላት የተጨመረባቸው ይመስላቸዋል። ወሎ ውስጥና በትላልቅ ከተሞቻችን ሁለቱ መዝሀቦች ጎን ለጎን ይኖራሉና «በሐነፊዮች ዘንድ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራሉ።

በ«ሰደቃ» ላይ የደረሰው ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በዐማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ዘንድ «ሰደቃ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ድግስ ነው፤ ለሟች፣ ለተሳለ ሰው ወይም ከመከራ ለወጣ ሰው ሰንጋ ተጥሎ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰው በልቶ የሚሄድበት። ይህ ልማድ በራሱ መተሳሰብ አለበት፤ አናጣጥለውም። ችግሩ የሚመጣው ነጋዴው በረመዳን ትልቅ ሰደቃ ደግሶ «የዘንድሮን ዘካዬን አወጣሁ» ሲል ነው። ለመደባለቁ ሰበብ አለ፤ ቁርኣን ራሱ የዘካን ስምንት ተቀባዮች በሚዘረዝርበት በሱረቱ አት‑ተውባ 60ኛው አንቀጽ የተጠቀመው «ሰደቃት» የሚለውን ቃል ነው። ነገር ግን ዘካ መጠን ያለው ግዴታ ነው፤ ለንግድ ዕቃና ለገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል። ተቀባዩም የተወሰነ ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ድሃውን ማዕድ ላይ አስቀምጦ ብላ ማለት ብቻ ዘካ አይሆንም፤ ንብረቱ በእጁ ገብቶ ባለቤት ሊሆንበት ይገባል። በሻፊዒዮች ዘንድም የገንዘብን ዘካ በበሰለ ምግብ መለወጥ አይበቃም። የሁለቱም መዝሀብ ኪታብ እዚህ ላይ ድግሱን አይቀበልም። በድግሱ ላይ ደግሞ ሀብታሙም ድሃውም እኩል በልቷል። ሰውየው በቅን ልቡ ያወጣው ብር ብዙ ሆኖ ሳለ የድሃው ሐቅ ግን አሁንም በእርሱ ላይ ነው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በሚደረግ ኹጥባ ይህን አንድ ልዩነት ማስረዳት፣ ስለ ዘካ ትሩፋት አንድ ሰዓት ከመናገር ይሻላል ብለን እናምናለን።

«ኢንሻአላህ»ን በሚመለከት ሁሉም ሰው የሚያማርርበትን እንደግማለን። «ሰኞ እከፍልሃለሁ ኢንሻአላህ» ሲባል ባለገንዘቡ ሰኞ እንደማይከፈለው ያውቃል። በሱረቱል ከህፍ 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ የተማርነው ቃል የአላህን ፈቃድ ማስቀደም ነበር፤ በገበያችን የጨዋ እምቢታ ሆኗል። የሚገርመው በፊቅህ ውስጥ ይህ ቃል እውነተኛ ክብደት ያለው መሆኑ ነው። ከመሐላ ጋር ሳይቋረጥ ከተያያዘ የማለው ሰው ቃሉን ባይፈጽም እንኳ ከፋራ የለበትም። ባል «ኢንሻአላህ ተፈትተሻል» ቢል በሐነፊዮችም በሻፊዒዮችም ዘንድ ጦላቁ አይጸናም፤ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች በዚህ ይለያሉ። ማንጠልጠያነቱ ግን የተጠቀሰው እንዲህ ባለው ንግግር ላይ ነው። ዕዳን አያንጠለጥልም፤ ቀኑ የደረሰ ዕዳ «ኢንሻአላህ» ቢጨመርበትም ባይጨመርበትም ዕዳ ነው።

በመጨረሻ «ፈትዋ»። በዜና ዐማርኛ ይህ ቃል፣ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) የሰልማን ሩሽዲ ጉዳይ ወዲህ፣ «የሞት ፍርድ» መስሎ ሲሰማ ያበሳጨናል፤ «ጂሃድ»ንም «ቅዱስ ጦርነት» ሲሉት እንዲሁ። ነገር ግን እኛ ራሳችን ፈትዋን ከፍርድ ስንለይ አንታይም። ፈትዋ ሙፍቲው ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ ነው፤ ጠያቂው በነገረው ላይ የተመሠረተ፣ ሌላውን ወገን የማያስገድድ። ቀዳእ ግን ቃዲው ሁለቱን ወገን ሰምቶ የሚሰጠው አስገዳጅ ፍርድ ነው። ኢማም አል‑ቀራፊ (በሒጅራ 684 የሞቱት) ይህን ልዩነት ብቻ የሚመረምር «አል‑ኢሕካም» የተባለ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል።

ልዩነቱ ሲረሳ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ባል ወደ አንድ ኢማም ሄዶ «እንዲህ ብያት ነበር» ይላል፤ ኢማሙም «እንደዚያ ካልህ ጦላቅ ወድቋል» ይላል። ባል ቤቱ ተመልሶ «ተፈርዶብሻል» ይላል። እርሷ አልተጠየቀችም፤ ያለችው አልተሰማም፤ የዒዳዋ ቀለብ፣ ያልተከፈለ መህሯ፣ የልጆቿ አያያዝ አልተነሣም፤ በእጇም አንዲት ወረቀት የለችም። ዓመታት አልፈው ሰውየው ሲሞት ወራሽ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ክርክር የሚነሣው በዚያ ባልተጻፈ «ፍርድ» ላይ ነው።

በአገራችን ለዚህ የተሠራ መንገድ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎች ሲስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖታዊ ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው የተደራጁ ናቸው። ስለዚህ ስለ ጦላቅ የተጠየቀ ኢማም መልሱን ከመስጠቱ በፊት «ሚስትህ የት አለች?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከሰጠም በኋላ፣ የሰጠው ፈትዋ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን፣ ባልና ሚስት ከተስማሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ካልተስማሙ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄደው ውሳኔውን በጽሑፍ ማግኘት እንዳለባቸው በግልጽ ዐማርኛ ይንገረው፤ ቢቻል እርሷም ባለችበት።