የግድብ አደጋ በሒሳብ መዝገብ ላይ ይታያልን?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ሠራተኞች ምሳቸውን በሚመገቡበት ሰዓት፣ በብራዚል ሚናስ ዠራይስ ክፍለ ግዛት ብሩማዲኞ በተባለች ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። 86 ሜትር ከፍታ የነበረው ይህ ግድብ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ፈርሶ ወደ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ዝቃጭ ለቀቀ። የሠራተኞቹ የምግብ አዳራሽና የአስተዳደር ቢሮዎቹ ከግድቡ በታች ይገኙ ስለነበር ጭቃው በቅድሚያ የደረሰው በእነርሱ ላይ ነበር። በአደጋው 270 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

የግድቡ ባለቤት ቫሌ ከዓለም ታላላቅ የብረት ማዕድን አምራቾች አንዱ ነው። አደጋው የደረሰው ዓርብ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ሰኞ የብራዚል የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን የዋጋውን አንድ አራተኛ ያህል አጣ። ይህም ሲተመን ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ግድቡ በዓርብ ሌሊት የተሠራ አልነበረም። ግንባታው የተጀመረው በ1976 ሲሆን፣ ለአደጋ የዳረጉት ሁኔታዎችም ለዓመታት እዚያው የነበሩ ናቸው። ታዲያ የኩባንያዎችን ዋጋ በመመርመር የሚተዳደሩት የኢንቨስትመንት ተንታኞች አደጋውን አስቀድመው ሊያዩት አይችሉም ነበርን?

ለመሆኑ ተንታኙ ምን ይመረምራል?

የኢንቨስትመንት ተንታኝ የቆየው ሥራ የኩባንያን ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳና ትርፍ መርምሮ አክሲዮኑ ሊያወጣ የሚገባውን ዋጋ መገመት ነው። በእነዚህ አኃዞች ውስጥ የማይገኙ ሦስት ዓይነት ጉዳዮች ግን አሉ። የመጀመሪያው አካባቢያዊ ሲሆን፣ ኩባንያው በአየር፣ በውሃና በአፈር ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ይመለከታል። ሁለተኛው ማኅበራዊ ነው፤ የሠራተኞች ደኅንነትና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። ሦስተኛው የኩባንያ አስተዳደር ሲሆን፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ወሳኙን የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነና መጥፎ ዜና ያለ ፍርሃት ወደ ላይ መድረስ መቻሉን ይጠይቃል። ሦስቱ በአንድነት መጠራት የጀመሩት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከታላላቅ የገንዘብ ተቋማት ጋር በመተባበር በ2004 ካወጣው ዘገባ ወዲህ ነው።

የተንታኙ የመጀመሪያ እርምጃ ለኢንዱስትሪው ወሳኝ የሆኑትን ጉዳዮች መለየት ነው። ለባንክ የደንበኞች ምሥጢር አጠባበቅ ትልቅ ጉዳይ ሲሆን፣ ለማዕድን ኩባንያ ደግሞ ውሃ፣ ዝቃጭና የአካባቢው ነዋሪ ይቀድማሉ። ቀጥሎም ከኩባንያው ዘገባ፣ ከመንግሥት መዛግብት፣ ከጋዜጦችና ከሳተላይት ምስሎች መረጃ ያሰባስባል። ከዚያም ኩባንያውን ከመሰሎቹ ጋር አነጻጽሮ ውጤት ይሰጠዋል።

የጠጣር አፈር ፈሳሽነት

ብሩማዲኞ ለዚህ ምርመራ ትምህርት የሚሆንበት ምክንያት ከፊዚክስ ይጀምራል። ብረት ከድንጋይ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው በውሃ የራሰ ደቃቅ ዝቃጭ ከግድብ በስተኋላ ይጠራቀማል። ግድቡን ከፍ ለማድረግ ርካሹ ዘዴ አዲሱን ግንብ ቀድሞ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ መሥራት ነው። ስለዚህ ግድቡ በከፊል የቆመው ሊገድበው በተሠራለት ነገር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ዝቃጭ ክብደት የሚሸከመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በመነካካታቸውና በሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። በመካከላቸው ያለው ውሃ ግፊቱ ሲጨምር ግን ሸክሙን ውሃው ይረከባል፤ ሰበቃው ይጠፋል፤ ጠጣር የነበረውም በድንገት እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል። አደጋውን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን በዲሴምበር 2019 ባቀረበው ዘገባ የደረሰው ይኸው እንደሆነ አረጋግጧል። የግድቡ ተዳፋትነት፣ የውሃ ማስወገጃው ደካማነትና የዘነበው ከባድ ዝናብ ከምክንያቶቹ መካከል ተጠቅሰዋል። አስደንጋጩ ነገር የመለኪያ መሣሪያዎች ከመደርመሱ በፊት ጉልህ የሆነ የቅርጽ ለውጥ አለማሳየታቸው ነው።

በዚህም ምክንያት ተንታኙ ሊጠይቅ የሚገባው «ግድቡ ተሰንጥቋልን?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ተሠራ? ውሃው የት ይሄዳል? ከበታቹ ማን ይኖራል?» የሚለውን ጭምር ነው።

አደጋን በቁጥር

ጥያቄው ወደ ዋጋ የሚለወጠው እንዴት ነው? ለአብነት ያህል በዓመት 100 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ ኩባንያ አለ እንበል። ገዢዎች ለአክሲዮኖቹ የዓመት ትርፉን አሥር እጥፍ የሚከፍሉ ከሆነ ዋጋው 1 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ይኸው ኩባንያ በየዓመቱ የመደርመስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ግድብ ቢኖረውና የአደጋው ኪሳራ 2 ቢሊዮን ብር ቢሆን፣ የሚጠበቀው የዓመት ኪሳራ 20 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ 80 ሚሊዮን፣ ተገቢው ዋጋም 800 ሚሊዮን ብር ይሆናል ማለት ነው። ከመቶ አንድ የሚለው ዕድል ትንሽ ቢመስልም፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 9.6 በመቶ ያህል መሆኑን አንባቢው በራሱ አስልቶ ሊደርስበት ይችላል።

ይህ ስሌት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ባለአክሲዮን ሊያጣ የሚችለው ቢበዛ ያወጣውን ገንዘብ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ኪሳራው ከኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ በላይ ስለሆነ ቀሪው ዕዳ የሚወድቀው ከግድቡ በታች በሚኖረው ሕዝብ ላይ ነው። ተንታኙ ለባለገንዘቡ ብቻ ሲያሰላ የሌላውን ሰው ሕይወት ሳይቆጥር ሊያልፍ ይችላል።

ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

ቤርግ፣ ኮልበልና ሪጎቦን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት የስድስት ታዋቂ መዛኝ ድርጅቶችን ውጤቶች ሲያነጻጽሩ፣ አማካይ ትስስራቸው 0.54 ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። የልዩነቱ ዋነኛ ምንጭም መዛኞቹ አንዱን ጉዳይ በተለያየ መንገድ መለካታቸው ነበር። ፎልክስቫገን በሴፕቴምበር 2015 በአንድ የታወቀ ዓለም አቀፍ የዘላቂነት መለኪያ ከመኪና አምራቾች ቀዳሚ ተብሎ ነበር። በዚያው ወር የናፍጣ ሞተሮቹ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደተገጠመላቸው በመጋለጡ በኦክቶበር ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በብሩማዲኞም ቢሆን ግድቡ የተረጋጋ መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ በ2018 ተሰጥቶ ነበር። ለምርመራው የሚከፍለው ግን ተመርማሪው ኩባንያ ራሱ ነበር። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ቫሌ ስለ ግድቦቹ ደኅንነት ባለአክሲዮኖችን አሳስቷል ሲል በ2022 ክስ መሥርቶ፣ ጉዳዩ በ2023 በ55.9 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ኩባንያው ቀደም ሲል በ2021 ከብራዚል ባለሥልጣናት ጋር የተስማማበት ካሣ 37.7 ቢሊዮን የብራዚል ሪያል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለውጥ ያመጣው አዲስ ቀመር ሳይሆን ቀጥተኛ ጥያቄ ነው። በ2019 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የመንግሥት ጡረታ ፈንዶች የሥነ ምግባር ምክር ቤት ሌሎች ባለገንዘቦችን አስተባብረው ከ700 ለሚበልጡ የማዕድን ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፉ። እያንዳንዱ ግድብ የት እንደሚገኝ፣ ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደተሠራና ቢደረመስ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል በኃላፊ ፊርማ ተረጋግጦ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ጠየቁ። ተመራማሪዎች ከምላሾቹ የ1,743 ግድቦችን መረጃ ሲመረምሩ፣ አሥር በመቶ ያህሉ በአንድ ወቅት የመረጋጋት ሥጋት የታየባቸው ወይም መረጋጋታቸው ሳይረጋገጥ የቀረ መሆናቸውን ደረሱበት። በኦገስት 2020 ደግሞ የዝቃጭ ግድቦች ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጉጂ የሚገኘው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ማውጫ በሜይ 2018 ፈቃዱ የታገደው የአካባቢው ነዋሪዎች ማዕድኑ ጤናችንን ጎድቷል በማለት ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት ነበር። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በ2025 ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የትርፍ አኃዝ ብቻ ሳይሆን የውሃ ናሙናና የግድብ ንድፍ የሚያነብለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህም የሒሳብ ሠራተኛው ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም፤ የኬሚስቱ፣ የጂኦሎጂስቱና የስታትስቲክስ ባለሙያው ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ዛሬ በቤተ ሙከራና በመስክ የሚለማመዱ ተማሪዎች ነገ ይህን ጥያቄ አስቀድመው እንዲያነሡ ይጠበቅባቸዋል።