ለአንድ ሊትር ናፍጣ አንድ ሊትር ውሃ

ናፍጣ ከተፈጥሮ ጋዝ ይሠራል ሲባል ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ እሳትና ወደ ብረት ነው። እኔን ግን አፌን ያስያዘኝ ውሃው ነው።

ከዶሃ በስተሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ራስ ላፋን የሚባል የኢንዱስትሪ ከተማ አለ። ሼል ከኳታር መንግሥት የነዳጅ ድርጅት ጋር እዚያ የተከለው ፐርል የተሰኘ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምርቱን በመርከብ የላከው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፋብሪካው በቀን 140,000 በርሜል ናፍጣ፣ ኬሮሲንና ሌሎች ፈሳሾችን ከጋዝ እንዲያመርት ታስቦ ተሠራ። የውሃ ማጣሪያው አቅምስ? 280,000 በርሜል፤ የነዳጁ እጥፍ!

ይህ 45 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው። በ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን እንቁጠረው፦ በቀን ከ2 ሚሊዮን ጀሪካን በላይ፣ በየሰከንዱ 26 ገደማ። ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ ጠብቆ ጀሪካን የሞላ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ክንዱ ይነግረዋል።

ታዲያ ወንዝ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ትልቅ ድርሻው የሚወለደው እዚያው ነዳጁ በሚሠራበት ምድጃ ውስጥ ነው። ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ባገኙት ዘዴ ከጋዙ የሚገኙት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ኮባልት በሚባል ማዕድን ላይ ይገናኛሉ። ካርቦኑ እርስ በርስ እየተያያዘ ነዳጅ ይሆናል፤ የተረፈው ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ ውሃ ሆኖ ይወጣል። 14 ግራም ነዳጅ ሲገኝ 18 ግራም ውሃ ይገኛል። እንዲህ የተሠራ አንድ ሊትር ናፍጣ 770 ግራም ያህል ስለሚመዝን አብሮት የሚወጣው ውሃ 990 ግራም፣ ማለትም አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ውሃው ግን አይጠጣም። ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድና አረቄን አረቄ የሚያደርገው አልኮል አሉበት። መፍትሔው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል፦ ይህን ኮምጣጣ ውሃ የሚመገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። በደቡብ አፍሪካ ሞሰል ቤይ፣ እንዲሁ ከጋዝ ነዳጅ ይሠራ የነበረው የፔትሮሳ ፋብሪካ ፍሳሽ አየር በማይገባበት ጋን ውስጥ ለእነዚህ ተሕዋስያን ይሰጥ ነበር። እነሱ የሚያወጡት ሚቴን ነው፤ ፋብሪካው ሥራውን ይጀምርበት የነበረው ያው ጋዝ። ያ ጋዝ እስከ 4.2 ሜጋዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ተደርጓል።

የራስ ላፋኑ ፋብሪካ ደግሞ ወደ ባሕር ፍሳሽ እንዳይለቅ ተብሎ ነው የተሠራው። ውሃው ተጣርቶ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ አልጣራ ያለው ይተናል። ታች የሚቀረው ደረቅ ጨው ነው።